ውሃው አልተመረዘም ነበር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ይቅርታ አለብኝ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል እዚሁ ፔጅ ላይ አጠር ያለች ፖስት ጽፌ ነበር። በኛ ቀበሌ፣ ቆላው ጫፍ ላይ፣ በአራት ቀን ውስጥ አስራ አንድ ከብት ድንገት ሞተ። ማታ ደህና ገብቶ ያደረ በሬ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው ጥቁር ደም እየወረደ ይገኛል። ሰው ተሸበረ። ገበያ ላይ "የወንዙን ውሃ መርዘውታል" የሚል ወሬ ተነሳ። ማን? "ከማዶ ያሉት" ነዋ! ሌላ ማን ይባላል? እኔም ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩት። የሞቱትን ከብቶች ፎቶ ለጠፍኩ። "ዝም አንልም" አልኩ። በአንድ ሌሊት ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ሼር ተደረገ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት ለተቀመጠ ሰው ሁለት ሺህ ሰው ሲሰማው ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ አንድ ጓደኛዬ ደወለ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፤ እሱ የእንስሳት ሕክምና፣ እኔ ኢኮኖሚክስ። እሱም እንደኔ በተማረበት ሥራ አላገኘም፤ የአጎቱን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣

"ደሙ ረግቷል?" አለኝ።

"የምን ደም?"

"ከበሬው አፍንጫ የወጣው። ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ረግቷል ወይስ ዝም ብሎ ይፈስሳል?"

አልረጋም ነበር። "ሥጋውንስ በልታችሁታል?" አለኝ።

እንዴት አይበላ! የአክስቴ ጎረቤት በሬው ሲንገዳገድ አይቶ፣ በክት ከሚሆንብኝ ብሎ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ አደረሰበት። ሥጋው ለመንደሩ ተከፋፈለ፤ ገንዘቡ ለመኸር ነው። አክስቴ ድርሻዋን ዘልዝላ ቋንጣ ሰቅላ ነበር።

ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለና "ቋንጣውን ማንም እንዳይቀምሰው። እጇ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ከወጣ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ያን ፖስት ደግሞ አጥፋው። ይኼ መርዝ አይመስለኝም፣ አባ ሰንጋ ነው" አለኝ።

ወዲያው አላጠፋሁትም። ይኼንንም መደበቅ አልፈልግም። "ባጃጅ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፎቶ አይቶ ምን ያውቃል" ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ክንዷ ላይ ቁስል ወጣ፤ መሃሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ፣ ሲነኩት ግን እምብዛም የማያም። በዚያው ቀን የሰፈራችን ልጆች መሣሪያ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። አንዳንዶቹ ስልካቸው ላይ የኔን ፖስት ይዘው ነበር። ሽማግሌዎች መሃል ገብተው ባያስቆሟቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ከብት ሳይሆን ስለ ልጆቻችን ለቅሶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ማዶ ተሻግረው ሲጠይቁ ምን አገኙ መሰላችሁ? እነሱም ከብትና ፍየል ሞቶባቸዋል። እነሱም "የላይኞቹ መረዙን" እያሉ ነበር። አንድ እረኛቸው እጁ ላይ ልክ የአክስቴን የመሰለ ጥቁር ቁስል አለው።

ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ አባ ሰንጋ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ በመድኃኒት ድናለች፣ ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው። እኔም ፖስቱን አጠፋሁት። ሼር ያደረጉት ሁለት ሺህ ሰዎች ግን አላጠፉትም። ዛሬም አልፎ አልፎ ስልኬ ላይ ይመጣል።

እንግዲህ ይቅርታዬ ይኼ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ያን ጓደኛዬንም በጥያቄ አሰልችቼዋለሁ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

አባ ሰንጋ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ባክቴሪያ ነው። ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመል፣ አህያ አይመርጥም። የሞተው እንስሳ ሲከፈት ወይም ደሙ መሬት ላይ ሲፈስስ ባክቴሪያው አየር ያገኝና ጠንካራ ልባስ ይለብሳል፤ ስፖር ይሉታል። ይኼ ስፖር አፈር ውስጥ ለአስርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ፀሐይም ብርድም እንዲህ በቀላሉ አይበግረውም። በበጋ ሳሩ ሲያልቅ ከብቱ መሬቱን እየጋጠ አፈር ሲያነሳ፣ ወይም የመጀመሪያው ዝናብ ጎርፍ አፈሩን ሲያገላብጠው እንደገና ወደ እንስሳ ይገባል። ለዚህ ነው "እዚህ ሜዳ ላይ ከብት ይሞታል" የሚባሉ ቦታዎች ያሉት። አያቶቻችን መርገም ነው ይሉ ነበር። መርገሙ አፈሩ ውስጥ ያለው ስፖር ነው።

ሰውስ? ሰው የሚያዘው ሲያርድ፣ ቆዳ ሲገፍፍ፣ ሥጋ ሲዘለዝልና ሲበላ ነው። በቆዳ ከገባ እንደ አክስቴ ጥቁር ቁስል ያወጣል፤ ቶሎ ከታከመ በተለመደው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል። በሥጋ ሆድ ውስጥ ከገባ ወይም ስፖሩ በትንፋሽ ሳንባ ከደረሰ ግን ሊገድል ይችላል። ችግሩ የኛ ሰው ቁስሉን "ቡግንጅ ነው"፣ "ምች ነው" ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ለሐኪሙም "የታመመ ከብት አርጃለሁ" ብሎ አይነግረውም።

ለእንስሳቱ ክትባት አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ከውጭ በዶላር የሚገዛም አይደለም፤ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ባለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ተቋሙ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የእንስሳት ክትባት ሲሠራ የኖረ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የአህጉሩን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈትሽበት ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ለአንድ በሬ የሚበቃው ክትባት ዋጋው አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አያስጠጣም። እና ለምንድን ነው ከብታችን የሚያልቀው?

አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፦ በሽታው የሚዞረው በከብቱ መንገድ ነው፣ ክትባቱ የሚዞረው ግን በቢሮው መንገድ ነው።

ባቲን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰኞ ሰኞ ከቆላው ግመልና ፍየል ይወጣል፣ ከደጋው በሬና በግ ይወርዳል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚገበያየው። ሰኞ እዚያ የተገዛች ፍየል ሐሙስ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ጋር ታስራ ታገኛታለህ። በጋው ሲጠና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋው ጫፍ ይጠጋል፣ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ይኼ እኛ ሳንወለድ የነበረ ነው፣ ክልል የሚባል ነገር ሳይኖርም የነበረ ነው። በአበርገሌ በኩል ያለው የዋግና የትግራይ ገበሬም እንዲሁ ነው፤ ገበያው፣ ውሃው፣ ግጦሹ የተያያዘ ነው።

የእንስሳት ጤና ሥራው ግን በየክልሉ ነው። ክልሉ የራሱ ቢሮ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ የክትባት ዕቅድ አለው። አንዱ ወረዳ በጥቅምት ይከትባል፣ አጎራባቹ በሚያዝያ። ወይ ጭራሽ በዚያ ዓመት በጀት የለውም። እንደ ደስታ መሰል በሽታ ያለው ከፍየል ወደ ፍየል በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ በዚህ መሃል ምን ያደርጋል? ካልተከተበው መንጋ ተነስቶ አዲስ የተወለዱትን ግልገሎች ይዞ ይቀጥላል። አባ ሰንጋም ቢሆን፣ ታሞ ጉዞ የጀመረ በሬ የሚወድቀው የሌላ ሰው መሬት ላይ ነው። ስፖሩም እዚያው ይቀራል።

ሪፖርቱስ? ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል፣ ክልል ለፌዴራል። ከዚያ ደግሞ በሌላው ክልል በኩል ቁልቁል መውረድ አለበት። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በእግር ግማሽ ቀን አይራራቁም፣ የአንዱ ወሬ ለሌላው እስኪደርስ ግን ዘጠኝ ደጅ ይዞራል። እስከዚያ ሥጋው ተበልቶ አልቋል፣ ቆዳው ተሸጧል። ፖስቱም ሁለት ሺህ ሼር ሆኗል።

ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። የአክስቴን ቁስል ያየው የሰው ሐኪም ነው። የሞተውን በሬ የሚያየው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሁለቱ የማይነጋገሩ ከሆነ እያንዳንዳቸው የያዙት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አኃዝ ከሰው ተላላፊ በሽታዎች መካከል 60 በመቶው ከእንስሳት የመጡ ናቸው፤ አዲስ ከሚነሱት ደግሞ 75 በመቶው። ይኼ በወረቀት ደረጃ አገራችን ውስጥም የታወቀ ነገር ነው። "አንድ ጤና" በሚል ሐሳብ የጤና፣ የግብርናና የሌሎች መሥሪያ ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋና ብሩሴሎሲስ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ኮሚቴ ግን ወንዙ ዳር መድረስ አለበት።

አሁን "ታሪካችን፣ ታሪካችን" ለምንለው ለኛ አንድ ታሪክ ላስታውስ።

የክፉ ቀንን ስም ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ከ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አራት አምስት ዓመት የቆየው ያ ረሃብ ዋናው መነሻው የከብት በሽታ ነበር። ጣሊያን ወደ ምፅዋ ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ ከሰሜን ተነስቶ አገሩን አዳረሰ። ከአስር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ወረርሽኙ ተደራረበበት። ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። አፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው መሬት ቆፍረው ለመኳንንቱ ምሳሌ የሆኑት በዚያ ጊዜ ነው። በሬ የለማ! በሽታው እኛን ፈጅቶ አላቆመም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ድንበርም ቋንቋም አላገደውም።

ይኼ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እንዴት እንደጠፋ ማወቅ ለኛ በጣም ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች "የጋራ ፕሮጀክት 15" በሚባል ዘመቻ ተባብረው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በሽታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ዘመቻው አለቀ፣ ሁሉም በየቤቱ ተዘናጋ። ጥቂት የድንበር አካባቢዎች ላይ በሽታው ተደብቆ ቀረ። ከእነዚህ አንዱ በኛና በሱዳን መካከል ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተደበቀበት ወጥቶ እንደገና አፍሪካን አዳረሰ። ያን ሁሉ ድካም መና አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1986 እንደገና አህጉራዊ ዘመቻ ተጀመረ፣ እንደገና ከዜሮ።

በአገራችን ከመጨረሻዎቹ የበሽታው ምሽጎች አንዱ አፋር ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ መንገድ የለም፣ ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፣ ሕዝቡ ተንቀሳቃሽ ነው። የመንግሥት ቡድን በመኪና ሄዶ አልደረሰበትም። የተሳካው ሙቀት የሚችል ክትባት ሲመጣና ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው የአፋር ልጆች ሰልጥነው፣ በእግራቸው መንጋውን ተከትለው ሲከትቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በሽታው እዚያ አልታየም።

እስኪ ይኼን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ዛሬ የወሎ ገበሬ፣ የሸዋ ገበሬ፣ የጎጃም ገበሬ በሬ በደስታ በሽታ የማይሞተው፣ አንድም እነዚያ ስማቸውን የማናውቃቸው የአፋር ወጣቶች በዚያ ፀሐይ ስለዞሩ ነው። እኛ ግን ከብት ሲሞትብን መጀመሪያ የጠረጠርነው እነሱን ነው። እኔ ራሴ በጣቴ ጻፍኩት።

ኮሜንት ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ስጽፈው የኖርኩት ነው።

"ሰው እየሞተ አንተ ስለ ከብት ታወራለህ?" ትሉኛላችሁ። የገበሬ በሬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ ትንገራችሁ። የኔ ትምህርት ቤት ደብተር የተገዛው በበግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣና ፍራሽ የተገዛልኝ በአንድ ወይፈን ነው። በጦርነቱ ጊዜ በሰሜን ስንቱ የእንስሳት ጤና ኬላ ተዘርፎ ፍሪጁ፣ መርፌው፣ መድኃኒቱ እንደጠፋ ያየ ያውቃል፤ በኛም በኩል፣ በአፋርም በኩል፣ በትግራይም በኩል። ከዚያ ወዲህ ያልተከተበ መንጋ ተጠራቅሟል። ሕዝቤን እወዳለሁ እያልኩ የሕዝቤ ሀብት በረቱ ውስጥ ሲያልቅ ዝም ካልኩ ፍቅሬ የት ላይ ነው ያለው?

ከዚያ ደግሞ ገበያው አለ። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት፣ 8 ሚሊዮን ያህል ግመል አላት። በቀንድ ከብት ብዛት በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲና የመን ላይ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነስቶ ሰው ሲሞት፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳት እንዳይገቡ አገዱ። የሳዑዲ እገዳ እስከ 2009 ቆየ። ያኔ ማንም ገዢ "ይኼ ፍየል የማን ብሔር ነው" ብሎ አልጠየቀም። በሩ ሲዘጋ በሁላችንም ላይ ነው የተዘጋው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ከገቡኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።

"ከነሱ ጋር? መሬታችንን ከሚሉት ጋር?" ትሉኛላችሁ። የወሰን ጥያቄ አለ? አለ። የግጦሽና የውሃ ጠብ አለ? አለ፣ ሰውም ሞቶበታል። ይኼን አልክድም፣ በዚህች ጽሑፍም አልፈታውም። ግን አብሮ መከተብ መሬት መስጠት አይደለም። በአንድ ሳምንት ክትባት መጀመር ካርታ አይቀይርም። እንዲያውም የኛ ወረዳ ብቻውን መቶ በመቶ ቢከትብና ማዶ ያለው ባዶ ቢሆን፣ ገንዘባችንን ውሃ በላው ማለት ነው። የሱ ፍየል መከተብ የኔ ፍየል አጥር ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ያው ነው፤ ለማቆም ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው ይባላል። ውሻ ደግሞ የቀበሌ ወሰን አያውቅም።

"መንግሥት ይሥራው፣ እኛ ምን አገባን?" የሚልም አይጠፋም። መንግሥት መሥራት አለበት፣ መጠየቅም አለበት። በ1994 ዓ.ም. የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው! ግን መንግሥት በቀበሌያችን ከብት መሞቱን ከማወቁ በፊት እኔና እናንተ እናውቃለን። ፎቶውንም አንስተን ለጥፈናል። ያን ያህል ፈጣን ከሆንን ለቁም ነገር መፍጠን ምን ያቅተናል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይኼን ነው። ከወረዳ፣ ከክልልና ከፌዴራል የምንጠይቀው አለ፣ ከራሳችን የምንጠይቀውም አለ።

1. አዋሳኝ ወረዳዎች አንድ የክትባት መቁጠሪያ ይኑራቸው። ክልሉ የተለያየ ይሁን፣ ሳምንቱ ግን አንድ ይሁን። ጊዜው የሚመረጠው በበጀት ዓመት መዝጊያ ሳይሆን መንጋው በሚንቀሳቀስበት ወቅትና ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው።

2. የሁለቱ ወገን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ የጤና ጣቢያ ሰዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአንድ የስልክ ግሩፕ ይገናኙ። ድንገት የሞተ ከብት ወይም ጥቁር ቁስል ያለው ሰው ሲታይ በዚያው ቀን ማዶ ይነገር። ወርሃዊ ሪፖርቱ መንገዱን ይሂድ፣ ይኼ ግን አይጠብቀው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ በሽታ። ከዚህ የተሻለ የበሽታ ቅኝት ከየት ይመጣል? እኛም ገበያና ዕድር አለን። እነዚህን ማገናኘት ነው።

3. ገበያ ላይ ይሠራ። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሁድ ስንት ሺህ ሰው ይሰበሰባል። እዚያ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ በድምፅ ማጉያ ቢነገር ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

4. የተማረው ይቀጠር። ጓደኛዬ አምስት ዓመት ከምናምን ተምሮ ባጃጅ ይነዳል፣ እኛ ቀበሌ ያለችው የእንስሳት ጤና ኬላ በር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የምናየው። ሁለቱን ማገናኘት ያን ያህል ከባድ ነው? በክትባት ወቅት እንኳ በኮንትራት ቢያሠሯቸው፣ ከሁለቱም ክልል አጣምሮ አንድ ቡድን ማድረግ ይቻላል። ሌሎቻችንም ብንሆን ከብት መያዝ፣ መመዝገብ፣ የክትባት ሳጥን መሸከም አያቅተንም። ጊዜ እንደሆነ አለን!

5. ይኼኛው ለኛ ለራሳችን ነው። ከብት በድንገት ሲሞት "ተመረዘ" ብላችሁ አትጻፉ። ፔጁን የምትመሩ ልጆችም እንዲህ ያለ ፖስት ሲላክላችሁ ቢያንስ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሳትጠይቁ አትለጥፉ። መርዝ ከሆነ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። የሰው ሕይወት ግን ፖስት በማጥፋት አይመለስም።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ደውላችሁ ይኼን ንገሯቸው። እኔ ብነግራቸው ኖሮ አክስቴ ክንዷ ላይ ጠባሳ አይኖርም ነበር፦

ደህና የነበረ ከብት በድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉት፣ እየጎተታችሁ አትውሰዱት። ሊሞት ሲል ማረዱም ያው ነው፤ ቢላዋው በሽታውን አያወጣውም። ውሻና ጅብ እንዳይደርስበት አጥሩት፣ ልጆች አይጠጉት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ባለሙያው ባለበት ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ሥጋ ነክታችሁ በቀናት ውስጥ እብጠት ወይም ጥቁር ቁስል ከወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ ከብቱ ሳትደብቁ ተናገሩ። ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለሩብ ሰዓት እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ወተትም አፍልታችሁ ጠጡ።

ባለፈው ሳምንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ወንዙ ወርጄ ነበር። ያ እጁ ላይ ቁስል የነበረው እረኛ አለ፣ እሱም ድኗል። ዕድሜው ከኔ ብዙ አይበልጥም። በተሰባበረ አማርኛ "ዘንድሮ ክትባት መቼ ነው የምትጀምሩት?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። ወረዳ ሄጄ ጠየቅኩ፣ "ዕቅዱ ገና አልመጣም" አሉኝ። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ከሰፈር ሦስት ልጆችም አብረውኝ ይሄዳሉ። እናንተም በያላችሁበት ወረዳ ሂዱና ይኼንኑ ጠይቁ፦ ዘንድሮ መቼ ነው የምንከትበው? ማዶ ያሉትስ ያውቃሉ?

ያችን የተሳሳተች ፖስቴን ሁለት ሺህ ሰው ሼር አድርጎልኝ ነበር። ይቺኛዋንም ያን ያህል አድርሱልኝ።